ምንጣፍ ሥር የተደበቀ ድምፅ

የመኪናውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አስቀይሮ የተደሰተ ሰው፣ ደስታው ብዙ ጊዜ ሞጆ ሳይደርስ ያልቃል። ከተማ ውስጥ መብራት ላይ ቆሞ ነዳጅ ሰጠት ሲያደርግ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ልብ ይሞላል፤ እግረኛው ዞር ብሎ ያያል፣ ጓደኛ ያደንቃል። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ወጥቶ በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲረጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድምፁ መውጣት መውረዱን ትቶ አንድ ወጥ ጉርምርምታ ይሆናል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ይነሣና ደረት ላይ ይቀመጣል። መስኮት ሲዘጋ ይብሳል፣ ሲከፈት ነፋስ ይጨመርበታል። ቴፑ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ሁሉንም አሰልችቶ ይዘጋል። ዱከም ላይ ጨዋታ ይቀዘቅዛል። ቢሾፍቱ ላይ ከኋላ የተቀመጡት እናት በነጠላቸው ግንባራቸውን ማሰር ይጀምራሉ።

ባለመኪናው ሲመለስ መፍትሔ መፈለጉ አይቀርም፤ የእኔም ትዝብት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ድምፁን ከሚወጣበት ከቱቦው ላይ መያዝ ነው። ሌላው ራስን ከድምፁ መከለል ነው፤ ብዙ ሰው የሚመርጠውም ይህንን ነው። ምንጣፉን አስገልጦ ወለሉ ላይ ድምፅ የሚያፍን ጥቁር ንጣፍ ያስለጥፋል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ያስሸፍናል፣ የበሮቹን ውስጥ ያስሞላል። መኪናዋ ውስጥ ጸጥ ይላል። ውጭው እንደነበረው ነው። እንዲያውም ባለቤቱ የገዛ ድምፁን ስለማይሰማው ከቀድሞው ይበልጥ በልቡ ተዝናንቶ ይረግጣል።

ጉርምርምታው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መፍትሔውን መለየት ስለማይቻል ትንሽ ቁጥር ታገሡኝ። የተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ የድምፅ ባለሙያዎች 100 ኸርዝ ይሉታል። ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ቪትዝ በዚያው ዙር 75 ኸርዝ ላይ ትገኛለች። በሌላ በኩል የትንሽ መኪና ውስጠኛ ክፍል ራሱ አየር የያዘ ሳጥን ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን ስለሆነ ከ70 እስከ 100 ኸርዝ ግድም ያለ ድምፅ ሲገባበት ያስተጋባል። ጭስ ማውጫው የሚልከውና ሳጥኑ የሚወደው ቁጥር የተገጣጠሙ ዕለት ትንሿ ድምፅ ትገዝፋለች። በ90 ያልተሰማው ነገር በ100 ጆሮ የሚይዘው፣ ትንሽ ሲጨመር ደግሞ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ የሞተሩ ዙር ሲወጣ ሲወርድ ስለሚውል በዚያች ቁጥር ላይ አይቆይም። ፈጣን መንገድ ላይ ግን እዚያው ተተክሎ ይቀራል።

በዚህ ረገድ ጉርምርምታ የመልካም መንገድ በሽታ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ በአሮጌው መንገድ ፍየሉም፣ ከባድ መኪናውም፣ ጉድጓዱም ተባብረው አንድን አሽከርካሪ ለአሥር ደቂቃ በአንድ ፍጥነት እንዲሄድ አይፈቅዱለትም ነበር። ዛሬ ስድስት ሰፊ መስመር ተዘርግቶለታል። ሌላም ነገር አለ፤ መሄጃውና መመለሻው አንድ አይደሉም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። መመለሻው ዳገት ስለሆነ ነዳጅ ይረገጣል፣ ሞተሩ በተጫነ መጠን ከሲሊንደር የሚወጣው የጭስ ግፊት ይጠነክራል፣ ጉርምርምታውም አብሮት። ስትሄድ ጤነኛ የነበረች መኪና ስትመለስ የታመመች የምትመስለው ሰው ሁሉ መካኒክ ጋ ሄዶ ሞተር ማስፈታት የለበትም። የተለወጠው ዳገቱ ነው።

ከፋብሪካ የመጣው ማርሚታ ይህንን ሁሉ አስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ከውጭ ሲያዩት ድንቡልቡል ቆርቆሮ ነው፤ ተቀዶ ሲታይ ግን ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎች፣ የተበሳሱ ቱቦዎች፣ ሄደው የሚመለሱ መንገዶች አሉት። ድምፁ ከአንዱ ግድግዳ ተጋጭቶ ሲመለስ የሚከተለውን ድምፅ ያገኘዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ይጠፋፋሉ። ይህን ዓይነት ማፈኛ ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ነው። አባቱ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈለሰፈ፣ በተኩስ ብዛትም ጆሮው የደነቆረ ሰው ነበር። ልጁ በ1909 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አወጣ፤ ያንኑ ሐሳብ ለሞተር ጭስ ማውጫም አዋለው። አባት ያጮኸውን ልጅ ሊያፍን መነሣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ገበያው የሚሸጠው ማርሚታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይለያል። ስም ያለው ከውጭ የመጣውም ቢሆን ውስጡ አንድ ቀጥ ያለ የተበሳ ቱቦ ነው፣ ዙሪያውን የመስታወት ጥጥ የተጠቀጠቀበት። ጥጡ ቀጭኑንና ስል የሆነውን ድምፅ ጥሩ አድርጎ ይውጣል። ወፍራሙን ግን ያሳልፈዋል፤ ከጊዜ በኋላ ጥጡ ራሱ ተቃጥሎና ተበትኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጉርምርምታ ደግሞ ወፍራም ድምፅ ነው። ገዢው የሚከፍለው ስል ድምፅን አጥፍቶ ወፍራሙን ለሚተው ዕቃ ነው ማለት ነው፤ ኋላ የሚማረረውም በዚያው በቀረው ነው።

ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ የብየዳ ቤት ደጃፍ ቆሜ የሰማሁት ንግግር ይህንን ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። አንድ ወጣት ዲኤክስ ኮሮላውን ይዞ መጥቷል።

«ጋሼ፣ ድምፁ ወፈር ይበልልኝ።»

በያጁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «ይወፍራል። ክፍለ ሀገር ትወጣበታለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያው ራስህን ያምሃል።»

«ቴፕ አለኝ፣ ጋሼ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግራይንደሩ ተነሣ። ሰውየው ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፣ የሚመጣውንም ነግረውታል። ያልነገሩት፣ ልጁም ያልጠየቀው፣ ቴፕ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ነው።

ወጣቱን ብቻ ብወቅስ ግን ሐሰት ይሆናል። በከተማችን ማርሚታ ከሚያስቀይሩት ብዙዎቹ ድምፅ ፈልገው አይደለም፤ የነበረው ተበልቶባቸው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ቱቦው ስለሚግል ውኃው ተንኖ ይጠፋል። ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና ግን ሳትግል ትቆማለች፤ ውኃው ማርሚታው ውስጥ ይተኛል፣ ቆርቆሮውንም ከውስጥ ይበላዋል። ባለቤቱ አንድ ቀን ጠዋት ሲያስነሣት ትራክተር ትሆንበታለች። ዋናው ዕቃ ውድ ነው፣ ወይም አይገኝም፤ ስለዚህ በላሜራ የተጠቀለለ፣ ውስጡ ምንም ግድግዳ የሌለው ያስበይዳል። ርካሽ ነው፣ ጭሱን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ ሥራው በሰዓታት ያልቃል። ይህ ሰው ጉራ አልገዛም፤ ከኪሱ ጋር ተስማምቶ ነው። ጎረቤቱ ግን ልዩነቱን በጆሮው መለየት አይችልም።

በዚሁ ጥገና መካከል ሌላ ነገር ይጠፋል። ከሞተሩ አጠገብ ያለው ጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስት የሚሉት፣ በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ዋጋ ያወጣል። ሲቆረጥ ባለመኪናው ገንዘብ ያገኛል፣ ወይም ሳያውቅ ሌላ ሰው ያገኝበታል። ማጣሪያው ጭሱን ከማጽዳቱ ሌላ ድምፅም ይሰብር ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ወለሉ መሐል ላይ የሚገኘው ትንሹ ሳጥን፣ ሬዞኔተሩም፣ «ምንም አይሠራም፣ ኃይል ይይዛል» ተብሎ አብሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ፋብሪካው ለአንዲት ጉርምርምታ ብሎ ያስቀመጠው ሳጥን እርሱ ነበር። ከወጣ በኋላ «ይህቺ መኪና ምን ሆና ነው የምታጉረመርም?» ይባላል።

መፍትሔው ግን አለ፣ እጅግም አይከብድም። ከሁሉ በፊት መኪናዋን አንሥቶ ከሥር ማየት ነው። ጭስ ማውጫው የሚንጠለጠልባቸው ጎማዎች ሲደርቁ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይገባል፤ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ሻንሲውን ከነካም እንዲሁ ነው። ሞተሩን የሚሸከሙት ጎማዎች ከሞቱ ደግሞ ማርሚታው በከንቱ ይወቀሳል። መጋጠሚያው ላይ ያለችው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለች ድምፁ ማርሚታው ጋ ሳይደርስ በመንገድ ያመልጣል፣ ጭሱም ከወለል በታች ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ለጆሮ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ያደነዝዛል፣ ይገድላልም። በፈጣን መንገድ ላይ ራስ ምታቱን ሁሉ ለድምፅ የሚሰጥ ሰው ይህንን ቢያስመረምር ይሻለዋል።

እነዚህ ደህና ከሆኑ፣ አንዲቷን ክፉ ቁጥር ለይቶ የሚያጠፋ ዘዴ አለ። የለስላሳ ጠርሙስ አፍ ላይ የነፋ ልጅ ሁሉ መነሻውን ያውቀዋል፤ ጠርሙሱ የሚመልሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ያንን ድምፅም ከየትም ቢመጣ ያውቀዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ይህን ባሕርይ አጥንቶ በስሙ የሚጠራ ሳጥን ሠራ። ጭስ ማውጫ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ከዋናው ቱቦ ጎን መጨረሻው የተዘጋ ሌላ ቱቦ ይበየዳል። ድምፁ ወደ ጎን ቱቦው ገብቶ፣ ከተዘጋው ጫፍ ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ርዝመቱ ልክ ከሆነ የሚመለሰው ድምፅ ከዋናው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይገናኝና ያጠፋዋል። ልኩ የድምፁ ሞገድ ርዝመት ሩብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የአየር ድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ነው ብሎ ለ100 ኸርዝ 86 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጣል። ጭሱ ግን ትኩስ ነው፣ በትኩስ ጋዝ ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፤ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሰከንድ 480 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ርዝመት ወደ 1.2 ሜትር ይጠጋል፤ የተዘጋው ቱቦ ከዋናው ቀዝቀዝ ስለሚል በጥቂቱ ያንሳል። ጥሩ በያጅ ጫፉን ለጊዜው በተንሸራታች ክዳን ዘግቶ፣ መንገድ ላይ ሞክሮ፣ ከዚያ ይቆልፈዋል። ዕቃው አንድ ሜትር ከምናምን ቱቦና አንድ ክዳን ነው። የሚጠይቀው ቁጥሯን የሚለካ ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያም ዛሬ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል።

ዘዴው አንዲት ቁጥር ብቻ ያጠፋል እንጂ መኪናዋን ጨዋ አያደርጋትም። መብራት ላይ የሚጮኸው እንደጮኸ ይቀራል። ለጎረቤትም የሚተርፈው ውስጡ ክፍሎች ያሉት፣ ሰፋ ያለ ማርሚታ ነው። ከሞተሩ ፈረስ ጉልበት ጥቂት ያስቀራል ይሉታል። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ሆኖ ከሞተሩ አቅም ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ በወሰደባት ከተማ፣ ማርሚታ በመቁረጥ ፈረስ ጉልበት ፍለጋ መውጣት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ንጣፉን ሙሉ በሙሉ አልጠላውም። ለጉርምርምታ ግን ደካማ መድኃኒት ነው፤ ቀጭን ንጣፍ የሚያፍነው የቆርቆሮ ንዝረትንና ስል ድምፅን ነው። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ በክብደት እንጂ በስፖንጅ አይቆምም። ይህ ለመኪናው ወለል እውነት ከሆነ ለቤታችን ግድግዳም እውነት ነው። የብሎኬቱ ግድግዳ የሰፈር ልጆችን ጩኸት ይቀንሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን መስታወቱን አንቀጥቅጦ፣ በጣራው ቆርቆሮ አልፎ ይገባል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ የሚባንኑት በግራና በቀኝ የተደረደሩት ቤቶች በሙሉ ናቸው። የሕፃን እናት አለች፣ ንጋት ላይ ዳቦ ቤት የሚገባ ሠራተኛ አለ፣ ሕመምተኛ አለ።

«ከጭፈራ ቤቱና ከድምፅ ማጉያው ሁሉ ማርሚታው ነው የከበደህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እነዚያም ከብደውኛል። ልዩነቱ እነዚያ ቦታ አላቸው፤ በር ይንኳኳል፣ አቤቱታ ይጻፋል፣ ወረዳ ይኬዳል። ማርሚታው ግን ሁሉንም ቀስቅሶ ታርጋው ሳይታይ ሌላ ሰፈር ይገባል።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል፤ በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያም ለሌሊት የመንገድ ድምፅ የመከረው ወሰን ያው 45 ነው። በወረቀት ላይ ከማንም አላነስንም። ፓሪስ በ2022 እ.ኤ.አ. ጮኸው የሚያልፉ መኪናዎችን በማይክሮፎን ለይቶ ታርጋቸውን የሚያነሣ መሣሪያ መንገድ ዳር ተክላ መሞከር ጀምራለች። እኛ ጋ ለዓመታዊ ምርመራ የቀረበ መኪና ፍሬኑ ሲፈተሽ፣ መብራቱ ሲታይ አውቃለሁ፤ ድምፁ በመሣሪያ ሲለካ ግን አይቼ አላውቅም። መሣሪያውም ቢመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተለመደው የዴሲቤል መለኪያ የሰውን ጆሮ ለመምሰል ወፍራም ድምፅን ዝቅ አድርጎ ይቆጥራል፤ 100 ኸርዝ ላይ 19 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል። ስለዚህ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ መኪና በመለኪያው ጨዋ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ከመሣሪያው ይልቅ ከሥር ገብቶ «ማርሚታው ውስጡ ክፍል አለው? ሬዞኔተሩ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ ይጠቅመናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ችግሩ በራሱ ጊዜ ያልፋል ያሉ ነበሩ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ማርሚታ የለውም፣ እውነት ነው። በዝግታ ሲሄድ እግረኛ ስለማይሰማው ሰው ሠራሽ ድምፅ እስከ መጨመር ተደርሷል። አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ግን በምትካቸው ሌላ የነዳጅ መኪና ስለማይገባ ከበፊቱ የበለጠ ዕድሜ ሊያገለግሉ ነው፤ ማርሚታቸውም ተበልቶ ደጋግሞ ሊበየድ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከጉምሩክ ወጥቶ በያጁ እጅ ላይ ወድቋል። እነዚህ ሰዎች ላሜራውን መጠቅለል ያውቁበታል፤ ውስጡን በክፍል መከፋፈልና የጎን ቱቦ ልክ ማውጣት በአጭር ሥልጠና የሚገባቸው ነገር ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብየዳ ትምህርታቸው ውስጥ ይህንን አንድ ሥራ ቢያስገቡት ከብዙ ቅጣት ይሻላል።

ማርሚታ ለማስቀየር የምትሄዱ አንባቢዎች፣ በያጁን ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁት፤ ሬዞኔተሩን አስነሥታችሁ አትምጡ። የወለቀውንም አሮጌ ማርሚታ ለቆራሌው ለመስጠት አትቸኩሉ፤ አዲሱን ረጅም መንገድ ወስዳችሁ፣ ከኋላ ሰው አስቀምጣችሁ፣ ሌሊትም በሰፈራችሁ አልፋችሁበት እስክትወስኑ ድረስ አስቀምጡት።